ሦስቱ በርሜሎችና ኦጁሉ

አኳታ ስትደውልልኝ ፂሜን ተላጭቼ የተረፈውን ሙቅ ውሃ ደጅ ልደፋ በር ላይ ቆሜ ነበር። “ኢንጂነር” አለችኝ። በሕይወቴ ኢንጂነር ሆኜ አላውቅም፤ ይህን ስም ጋምቤላ ውስጥ ካወጡልኝ ሰዎች አንዷ ግን እሷ ናት። “አቶ ኦጁሉ ትናንት አረፉ። ለቅሶው እህታቸው ቤት ነው፣ ወንዙ ዳር። ትመጣለህ?”

“እንዴ! እንዴት አልመጣም?” አልኩ።

“ወረቀቱን ሣጥናቸው ውስጥ አገኘነው” ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ውሃውን አልደፋሁትም። ሳህኑን ታቅፌ ወደ ቤት ተመለስኩ። ባለቤቴ “ምን ነካህ?” ስትለኝ “ኦጁሉ ሞቱ” አልኳት። ስለ ኦጁሉ ሃምሳ ጊዜ አውርቼላታለሁ፤ ሙቅ ውሃ ስደፋ ትዝ የሚሉኝ ሰው እሳቸው መሆናቸውን ታውቃለች። ስለ ወረቀቱ ግን አንድም ቀን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ለማንም።

ጋምቤላ ክልል የሆነች ሰሞን ነው። ቢሮዎቹ አዲስ ናቸው፣ ማኅተሙ አዲስ ነው፣ ኃላፊው አዲስ ነው፤ የጠፋው ወረቀት ነው። ደብዳቤ የሚጻፈው በድሮ የእህል ማደያ ቅጾች ጀርባ ላይ ነበር። በአንዱ ገጽ “ለሚመለከተው ሁሉ” ይላል፣ ስትገለብጠው የአንድ ቤተሰብ የስንዴ ድርሻ ታገኛለህ። ከዚህ የተነሳ አንድ የተባረከ ሰው፣ ባሮ ዳር የሚበቅለውን ረጅም ሳርና ሸምበቆ እየቀቀልን የራሳችንን ወረቀት ለምን አንሠራም አለ። ሐሳቡ ጸደቀ፣ አንድ የቆርቆሮ መጠለያ ተሠራ፣ አሥራ ሁለት ሠራተኛ ተቀጠረ፣ ባለሙያ ተብዬም እኔ ከደጋ ተላክሁ። የኬሚስትሪ ዲፕሎማ፣ ሁለት ሸሚዝና አንድ ቴርሞሜትር ነበረኝ። ቴርሞሜትሩን ሌላው ሰው እስክርቢቶ በሚሰካበት ኪስ ውስጥ ሰክቼ ነበር የምዞረው። ገበያም ስሄድ!

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ሳሩ ተከትፎ ኮስቲክ ሶዳ ከሚባል ኬሚካል ጋር በትልቅ በርሜል ይቀቀላል፤ ሲበስል ጥቁር ውሃውን ትቶ ገንፎ ይመስላል። በመጽሐፍ ስሙ ፐልፕ ነው፣ እኛ ገንፎው ነበር የምንለው። ገንፎው ይታጠባል፣ ይወቀጣል፣ በወንፊት ጠልሎ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። በቃ ወረቀት ነው። ችግሩ ያለው “ይታጠባል” የምትለዋ ላይ ነው። አንድ በርሜል ገንፎ ለማጠብ ፈሶ፣ ጠቁሮ ወደ ባሮ የሚወርደውን ውሃ ብታዩ ታዝናላችሁ።

እሳቱ የአቶ ኦጁሉ ነበር። በወጣትነታቸው፣ ባሮ በክረምት ሲሞላ ከሱዳን ሽቅብ ይመጡ በነበሩት የእንፋሎት መርከቦች ላይ እሳት ያነዱ ነበር። መርከቦቹ ከቀሩ ስንት ዘመን ሆኗቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የጥጥ እርሻ ላይ ቆፍረዋል፣ ጀልባ ቀዝፈዋል፣ ዓሣ ሸጠዋል። የመርከቡ ቆብ ግን ከራሳቸው አልወለቀም። ግንባሩ ተቀዶ የወደቀ፣ በአንድ ወቅት ሰማያዊ የነበረ ቆብ ነው። የሥራ ሰዓት ሲያልቅ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንደ መርከብ “ቡውውው!” ይላሉ። የቢሮው ሰዎች እንኳ ሰዓታቸውን በዚያ ያስተካክሉ ነበር።

የመጀመሪያ ቀን በርሜሉን በእጃቸው ጀርባ ነካ አደረጉና “ገና ነው” አሉ።

“አቶ ኦጁሉ፣ በግምት አይሆንም” ብዬ ቴርሞሜትሬን መዘዝኩ። ከተትኩት፣ ጠበቅሁ፣ አነበብኩ። ገና ነበር።

“እሺ ኢንጂነር” አሉ።

የእሳቸው እሺ ሦስት ዓይነት ነው። አጭሩ እሺ ተስማምቻለሁ ማለት ነው። መካከለኛው አልሰማሁህም ማለት ነው። ረጅሙ፣ “እሺሺ…” የሚለው፣ ጉድህን አያለሁ ማለት ነው። እኔ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አጭሩን የሰማሁት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱንም ምሳ እንብላ ስላቸው።

ሥራ በጀመርን በሁለተኛው ወር አንዲት ሴትዮ ማሰሮ ተሸክመው ቀጥ ብለው የቢሮው ኃላፊ ክፍል ገቡ። ማሰሮውን ጠረጴዛው ላይ፣ ከማኅተሙ አጠገብ ዱብ አደረጉት። ውስጡ ሻይ የመሰለ ውሃ ነበር። “ይህን ጠጣ” አሉት ኃላፊውን። አቻን ይባላሉ፤ ከእኛ በታች ባለው ዳርቻ ውሃ የሚቀዱ ናቸው። የኦጁሉ ታናሽ እህት ናቸው።

ኃላፊው አልጠጣም። ጠራንና ቁርጥ ያለ ነገር ነገረን። ወንዙ እንዳይበላሽ፤ የሚሰጠን በወር አንድ በርሜል ናፍጣና አንድ መኪና እንጨት ነው፣ ከዚያ አንዲት ጣሳ አይጨመርም። በሁለት ወር ውስጥ መጥቶ ያያል። ውሃው ከጠቆረ ይዘጋል፣ ነዳጁ ካልበቃም ይዘጋል። ስንወጣ ኦጁሉን አየኋቸው። ታች እህታቸው ናት፣ ላይ እሳታቸው ነው። ከመርከቡ ወዲህ ያገኙት የመጀመሪያ እሳት ነበር። እኔ በበኩሌ በጣም ደስ ብሎኛል! የተማርኩትን የማሳይበት ቀን መጣ።

ሦስት ሌሊት ሥዕል ስስል አደርኩ። ጥቁሩ ውሃ ሁሉ ወደ አንድ ገንዳ ይገባል፣ በአሸዋ ይጣራል፣ በናፍጣው ፓምፕ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሞቆ እንደገና ያጥባል። ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ በፀሐይ ተንኖ እንዳያልቅ ደግሞ ከትልቁ ማንጎ ዛፍ ሥር አስቀመጥኩት። መጠለያው ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም “አንድ ጠብታ ወደ ባሮ አይገባም!” ብዬ ጻፍኩ። ቃለ አጋኖው ሁለት ጊዜ ተቀብቷል።

ኦጁሉ ቀና ብለው ማንጎውን አዩ፣ ዝቅ ብለው ገንዳውን አዩ። “ኢንጂነር፣ ባሮ ውሃ አነሰው?”

“ቁጠባ ነው አቶ ኦጁሉ።”

“ውሃውን ጥላ ታስቀምጣለህ። ከዚያ እኔ በእንጨት አሞቀዋለሁ።”

“አዎ።”

“ፀሐይ እያለ።”

“ይተናላ!”

“እሺሺ…” አሉ።

እግዜር ያሳያችሁ። ጋምቤላ ነው ያለሁት፤ ድንጋይ ላይ እንቁላል የሚጠበስበት አገር። እኔ ግን ውሃ ጥላ ውስጥ አቀዘቅዝና እሳት አንድጄ አሞቃለሁ። በዚያ ላይ የማንጎ ወቅት ደረሰ። ሌት ተቀን ማንጎው ገንዳው ውስጥ ጧ! ጧ! ይላል። አሸዋው በማንጎ ተደፈነ። ውሃው ዞሮ ዞሮ ዝልግልግ አለ፤ ወረቀቱ ሲደርቅ ቢጫ ነጠብጣብ አወጣ፣ ዝንብ ወደደው፣ ሽታውም እርጥብ ፍየል ሆነ። ፓምፑ ያንኑ ውሃ ሽቅብ ለመመለስ ቀኑን ሙሉ እየጮኸ ናፍጣውን ጠጣው። በወሩ አጋማሽ በርሜሉን በዱላ ስንመታው ኳኳ አለ፣ ባዶ ነው። ውሃ ቆጥቤ ነዳጁን ጨረስኩት። አኳታ ያኔ ወንፊት ላይ ነበረች የምትሠራው፤ አንዱን ወረቀት በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ “ይህን ለማን ነው የምንጽፍበት? ለጠላት?” አለች። አሥራ አንዱ ሳቁ። ኦጁሉ አልሳቁም።

ኃላፊው የሚመጣበት ቀን ቀረበ። ያን ጊዜ ያደረግሁትን ሳስበው አሁንም ፊቴ ይግላል። አንድ ቀን ጠዋት ሠራተኛውን ሰብስቤ “ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ ገንዳውን ወደ ወንዙ እንክፈተውና በአዲስ ውሃ እንጀምር” አልኩ። አንድ ጠብታ የሚለውን ጽሑፌን ተደግፌ እኮ ነው የምናገረው! ማንም አልተነቃነቀም። ሁሉም ኦጁሉን አየ።

ኦጁሉ ወደ እሳቱ ሄዱ። ረጅሙን ብረት አነሱ፣ ከበርሜሉ ሥር ፍሙን ጎትተው አወጡት፣ አሸዋ አለበሱት። እሳት አንዳጅ በገዛ እጁ እሳቱን ሲያጠፋ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ቆባቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉና ፊቴ ቆሙ።

“ገንዳውን ከከፈትክ እኔ የለሁም። እሳትም የለም። አቻን የምትጠጣውን አታጠቁርም።”

“ታዲያ ምን ይሻላል?” አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ለራሴም አስጠላኝ።

“ሳር ማጠብ ልብስ ማጠብ ነው። ልብስ የመጀመሪያ እጥበት ላይ ንጹህ ውሃ ይፈልጋል?”

“አይፈልግም።”

“መቼ ነው የሚፈልገው?”

“መጨረሻ ላይ።”

“ታዲያ አንተ ለምን ንጹሁን መጀመሪያ ላይ ትደፋለህ?”

ከወንዙ ዳር ያለውን ገደል በእጃቸው አሳዩኝ። በደረጃ ቆፍረን ሦስት በርሜል ከላይ ወደ ታች እናስቀምጣለን። ንጹህ ውሃ የሚገባው ላይኛው ብቻ ነው፤ እዚያ ሊያልቅ የደረሰው ገንፎ መጨረሻውን ይታጠባል። ከዚያ ውሃው በራሱ ወደ መካከለኛው ይወርዳል፣ ከመካከለኛው ወደ ታችኛው። ገንፎው ደግሞ በየተራ ከታች ወደ ላይ ይሻገራል፤ ፓምፕ የሚሠራው አንድ ጊዜ ነው። ታችኛው ውስጥ ከእሳት የወጣው ትኩስ ገንፎ አለ፤ ውሃው እዚያ ሲደርስ ይጠቁራል፣ ይሞቃልም። ያንን አንደፋውም። ለሚቀጥለው ቅቅል ማብሰያው በርሜል ውስጥ እንመልሰዋለን።

“ሶዳው ውስጡ አለ፣ ሙቀቱም አለ” አሉ። “መርከብ ላይ ትኩስ ውሃ የደፋን ሰው ካፒቴኑ ራሱ ወንዝ ውስጥ ይከተው ነበር። እንጨት ነው የደፋኸው ይለዋል።”

“የሚተርፈው ጥቁርስ?”

“የሳር ቁርጥራጭ ላይ አፍስሰው፣ እንደ ኩበት ጠፍጥፈው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው። እኔ አነደዋለሁ።”

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ይህ ነገር መጽሐፍ ውስጥ ነበር። ገንፎው ወደ አንድ በኩል፣ ውሃው በተቃራኒው ይሄዳል የሚል ሥዕል ተምሬያለሁ፤ ፈተና ላይ መጥቶ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ጥቁሩ ውሃ እንደሚነድም ተምሬያለሁ። ትልልቅ ፋብሪካ ሥዕሉ ላይ ስለነበር ግን በርሜልና ገደል ሆኖ ሲመጣ አላወቅሁትም። ኦጁሉ ያልተማሩትን አወቁ፣ እኔ የተማርኩትን አላወቅሁም። ሙሉ ነጥቤ ደብተር ላይ ቀረ።

በስምንት ቀን ቆፈርን። የገንዳውን ግም ውሃ በባልዲ እያወጣን ሳር ላይ ጠፈጠፍነው፤ እጄ ለሁለት ሳምንት ሸተተ። ኃላፊው ሲመጣ አቻንም ተጠርተው ነበር። ኃላፊው በርሜሎቹን ዞረ፣ የአዲሱን ወር ናፍጣ ልክ በዱላ ለካ፣ ከግማሽ በላይ አለ። ከዚያ ሁላችንም ወደ ታች ወረድን። አቻን ከሚቀዱበት በቅል ጨለፉ፣ አሸተቱ፣ ወንድማቸውን አዩ። ጠጡ። ቅሉን ገልብጠው ባዶነቱን ለኃላፊው አሳዩት። ኦጁሉ ሰዓቱ ሳይደርስ “ቡውውው!” አሉ። ያን ቀን እኔም አብሬ ጮህኩ።

ኃላፊው “ግሩም ነው፤ በጽሑፍ አድርገው፣ ወደ ላይ እናስተላልፈዋለን” አለኝ። ጻፍኩ። በራሳችን ወረቀት፣ በጽሕፈት ቤቱ ታይፕ፣ በሁለት ቅጂ። “በባለሙያው ጥናት መሠረት” ብዬ ጀመርኩ። ባለሙያው ማን እንደሆነ ግርጌው ላይ ተጽፏል፦ ታደሰ፣ ኬሚስት። ኦጁሉ የሚል ቃል የለበትም። ለራሴ ያልኩት ምን መሰላችሁ? “እሳት አንዳጅ ያመጣው ሐሳብ ነው ብል ከላይ አይቀበሉትም፣ ሥራው ይዘጋል።” እንዴት አሳቢ ነኝ! እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። ያ የማንጎ ገንዳ የማን ጥናት ነው ብለው እንዳይጠይቁኝ ፈራሁ።

በማግሥቱ ኦጁሉ ሁለተኛውን ቅጂ ጠረጴዛዬ ላይ አዩት። ማንበብ አይችሉም ነበር። በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት። “ይሄ የኔ እሳት ያበሰለው ነው” አሉ። ከዚያ “ስሜ አለ?” አሉኝ።

“አለ” አልኩ።

“የቱ ጋ?”

ጣቴ ሄዶ ግርጌው ላይ አረፈ። “ታደሰ” የሚለው ላይ።

ቆባቸውን አወለቁ። “ልውሰደው?” አሉ። ሰጠኋቸው። ምን ልል ነው? አጥፈው ቆባቸው ውስጥ ከተቱት፣ አጭሩንም እሺ አሉኝ። “እሺ ኢንጂነር።”

ብዙ ሳልቆይ የምስጋና ደብዳቤና ዝውውር መጣልኝ። መቱ ላይ የተሻለ ቦታ ነበር። ወረቀት ሥራው እኔ ከሄድኩ በኋላ ጥቂት ዓመት ሠራ፤ ኋላ ነጭ ወረቀት በመኪና እንደ ልብ ሲገባ ሳሩም በርሜሉም ተረሳ። እኔ በስብሰባም በሥልጠናም ጋምቤላ በወረድኩ ቁጥር ሳልጠይቃቸው አልመለስም ነበር። ሁልጊዜ ደስ ብሏቸው ይቀበሉኛል፣ ዓሣ ይጠበሳል፣ ስለ መርከቡ ይወራል። ልሰናበት ስነሳ ፈገግ ብለው ያችን ጥያቄ ይጠይቁኛል፦ “ኢንጂነር፣ ስሜ አለ?”

“አለ አቶ ኦጁሉ፣ የት ይሄዳል?” እላለሁ።

የሽማግሌ ደስታ ነው ብዬ ነበር የማስበው። እንዲያውም በልቤ፣ ምን ያለው ሰው ነው፣ በአንዲት ወረቀት እንዲህ የሚደሰት፣ እል ነበር።

ለቅሶው ዕለት አኳታ መናኸሪያ ጠበቀችኝ። ፀጉሯ ሸብቷል። ወደ ወንዙ ስንሄድ መንገድ ላይ ቆመችና ነገረችኝ። ወረቀት ሥራው ሲዘጋ ሠራተኛው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲደለደል ለውሃ ፓምፕ ቤት ቴክኒሺያን ይፈለግ ነበር። ኦጁሉ አመለከቱ። “ሙያ እንዳለህ ማስረጃ አለህ?” ተባሉ። ቆባቸውን አውልቀው ወረቀቱን አወጡ። ጸሐፊው አነበበው፣ ገለበጠው፣ መለሰላቸው። “አባቴ፣ ስምህ የለበትም” አላቸው።

“አጠገባቸው ነበርኩ” አለች አኳታ። “ዘበኛ አደረጓቸው። የዚያኑ የፓምፕ ቤት ዘበኛ። ፓምፑ ሲበላሽ ውስጥ ገብተው ይሠሩታል፣ ሲሠራ ወጥተው በር ላይ ይቀመጣሉ።”

“መቼ ነው ይሄ?”

“አንተ በሄድክ በአራተኛው ዓመት።”

ከዚያ በኋላ ስንቴ እንደሄድኩ ቆጠርኩ። ስንቴ “አለ” እንዳልኩ። 

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ልነግርህ ነበር። እሳቸው ከለከሉኝ። ‘ተይው፣ አንድ ቀን ራሱ ይናገራል፤ እኔ እጠይቀዋለሁ’ አሉ።”

ግቢው ሰው ሞልቶበታል። ከግድግዳው ጥግ ሦስት ማሰሮ ከትልቁ ወደ ትንሹ ተደርድሯል። አቻን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጭናቸው ላይ ቆቡ አለ። ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ። እንድቀመጥ አላሉኝም። ከቆቡ ውስጥ ወረቀቱን አውጥተው ዘረጉልኝ። ቢጫ ሆኗል፣ እጥፋቱ ላይ ሳስቷል፣ የማንጎ ነጠብጣብ ግን የለበትም። ጥሩ ወረቀት ነበር።

“አንብብልን” አሉኝ። “ስሙ የቱ ጋ ነው?”

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። “አለ” ማለት ልማድ ሆኖብኛልና አፌ ላይ መጣ፣ እውነቴን ነው። ዋጥኩት።

“የለም” አልኩ። “ሥራው የእሳቸው ነው። ስሙ የኔ ነው። ዋሽቻቸዋለሁ።”

አኳታ በአኙዋክ ቋንቋ ለሰዎቹ ተረጎመችው። አቻን ወረቀቱን ተቀበሉኝ፣ በእጥፋቱ አጠፉት፣ ወደ ቆቡ መለሱት።

“እናውቃለን” አሉ። “ካንተ አፍ እስኪወጣ ነው የጠበቅነው። እሱ ትንሽ ቸኮለ።”

ከዚያ ምንጣፉ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።